የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ፦ አነሣሡና የዕውቀቱ አወቃቀር

የነርሲንግ ንድፈ ሐሳብ ነርሶች ስለ ታካሚው፣ ስለ ጤናው፣ ስለሚኖርበት አካባቢና ስለ ራሳቸው ሥራ የሚያውቁትን በሥርዓት አያይዞ የሚያብራራና ለተግባር አቅጣጫ የሚሰጥ የሐሳብ መዋቅር ነው። ሕሙማንን መንከባከብ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሥራ ቢሆንም፣ ሙያው የራሱ ንድፈ ሐሳብ ያስፈልገዋል የሚለው ክርክር የጎላው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ በተለይም በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ነው። የክርክሩ ሥር አንድ ጥያቄ ነበር፦ ነርስ የሐኪም ትእዛዝ ከመፈጸም ባለፈ የራሱ የሆነ ምን ያውቃል? ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ጥያቄ ቀደምት የጽሑፍ መልስ የሰጠችው እንግሊዛዊቷ ፍሎረንስ ናይቲንጌል ናት። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ከ1854 ጀምሮ በስኩታሪ ሆስፒታል ቁስለኞችን ካስታመመች በኋላ፣ በ1859 ስለ ነርሲንግ ባሳተመችው አነስተኛ መጽሐፍ የሚፈውሰው ተፈጥሮ እንደሆነ፣ የነርስ ድርሻም ተፈጥሮ ሥራዋን እንድትሠራ ታካሚውን በተሻለ ሁኔታ ላይ ማቆየት እንደሆነ አስረዳች። ንጹሕ አየር፣ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ጽዳት፣ ጸጥታና ምግብ በዚህ አመለካከት የነርስ ኃላፊነት ናቸው። ታካሚው ከበረደው፣ ከበላ በኋላ ካስመለሰው ወይም የአልጋ ቁስል ካወጣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የበሽታው ሳይሆን የእንክብካቤው ነው ማለቷ በጊዜው ደፋር አባባል ነበር። ነርስን በራሱ ሥራ ተጠያቂ ማድረግ ነርስ የራሱ የሥራ ክልል አለው ብሎ ማመን ነውና። በ1860 በለንደን ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የተከፈተው ማሠልጠኛም ይህንኑ አስተሳሰብ ወደ ሌሎች አገሮች አሠራጨ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ብዙ አሥርት ዓመታት ግን በንድፈ ሐሳብ ረገድ የተጻፈው ጥቂት ነው። ተማሪዎች የሆስፒታሉ ርካሽ ጉልበት ሆነው እየሠሩ ይማሩ ስለነበር፣ ዕውቀቱ ከነባሯ ነርስ ወደ ጀማሪዋ በማየትና በመለማመድ ይተላለፍ ነበር። ሁኔታው የተቀየረው ትምህርቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ እየገባ ሲሄድ ነው። በ1952 የአእምሮ ሕክምና ነርስ የነበረችው ሂልደጋርድ ፔፕላው በነርስና በታካሚ መካከል ያለው ግንኙነት ራሱ የሕክምናው አካል እንደሆነ የሚያሳይ ሥራ አሳተመች፤ ለነርሲንግ ምርምር ብቻ የቆመ መጽሔት በአሜሪካ መታተም የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ቨርጂኒያ ሄንደርሰን በበኩሏ ነርሲንግን ስትበይን፣ ሰውየው ብርታቱ፣ ፈቃዱና ዕውቀቱ ቢኖረው ራሱ ያደርገው የነበረውን ነገር እንዲያደርግ መርዳት ነው አለች። መተንፈስን፣ መብላትን፣ መተኛትን፣ ማምለክን ጨምሮ 14 መሠረታዊ ፍላጎቶችንም ዘረዘረች። በብያኔዋ ውስጥ ከማገገም ጎን ለጎን ሰላማዊ ሞት መካተቱ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚታለፍ ቁም ነገር ነው።

በ1962 የአሜሪካ መንግሥት ነርሶች በሳይንስ ዘርፎች ዶክትሬት እንዲማሩ ድጋፍ መስጠት ጀመረ። የነርሲንግ ዶክትሬት ገና ብርቅ ስለነበር አብዛኞቹ የተማሩት ሶሲዮሎጂ፣ ሳይኮሎጂ፣ ፊዚዮሎጂና አንትሮፖሎጂ ነው። በ1970ዎቹ የወጡት ታላላቅ ሞዴሎች፣ ማለትም ነርሲንግን በጠቅላላው የሚያብራሩ ሰፋፊ የሐሳብ መዋቅሮች፣ ከሌሎች ዘርፎች የተዋሱት ነገር የበዛው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ካሊስታ ሮይ ሰውን ከሚለዋወጥ አካባቢ ጋር ራሱን የሚያስማማ ሥርዓት አድርጋ ያየችው የሳይኮሎጂ ሊቁን የሃሪ ሄልሰንን ሐሳብ መነሻ አድርጋ ነው። ማደሊን ላይኒንገር አንትሮፖሎጂ አጥንታ፣ በፓፑዋ ኒው ጊኒ በጋድሰፕ ሕዝብ መካከል ኖራ፣ የታካሚውን ባህል የማያውቅ እንክብካቤ ጎደሎ እንደሆነ ተከራከረች። ማርታ ሮጀርስ ሰውን የማይከፋፈል የኃይል መስክ ብላ የገለጸችበት ሥራ ደግሞ ብዙ ተከታዮች ቢያፈራም በምርምር ለመፈተን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ አንባቢንም ያደክማል።

ከእነዚህ ሁሉ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ በግልጽ የሚታየው የዶሮቲያ ኦረም የራስ እንክብካቤ ንድፈ ሐሳብ ነው። እንደ ኦረም አባባል ሰው በተለመደው ጊዜ ራሱን ይንከባከባል፤ ነርስ የሚያስፈልገው የሚፈለግበት እንክብካቤ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው። የስኳር ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ገና ሳይነቃ ነርሷ ሁሉንም ነገር ትሠራለታለች፤ ከሁለት ቀን በኋላ ፊቱን ራሱ እየታጠበ እግሩን እሷ ታጥብለታለች፤ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሥራዋ ኢንሱሊኑን በመርፌ እንዴት እንደሚቀዳና የት እንደሚወጋ ማስተማር ይሆናል። ኦረም እነዚህን ሙሉ በሙሉ የሚተካ፣ በከፊል የሚተካ እና ደጋፊና አስተማሪ ሥርዓት ትላቸዋለች። ለሌላ ሰው የሚደረግ የቤተሰብ እንክብካቤም በንድፈ ሐሳቡ ውስጥ የራሱ ስም አለው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ማጠቡንና ማጉረሱን በአብዛኛው አስታማሚው ስለሚሠራው፣ ይህ ክፍል ለእኛ ዋርዶች ከተጻፈበት አገር ይልቅ የሚቀርብ ይመስላል።

ሞዴሎቹ ሲበዙ እነሱን በደረጃ ማስቀመጥ ግድ ሆነ። በ1984 ጃክሊን ፎሴት ነርሲንግ የሚያጠናቸው ነገሮች ሰው፣ አካባቢ፣ ጤናና ነርሲንግ ራሱ ናቸው በማለት የዘርፉን የጋራ ጥላ፣ ማለትም ሜታፓራዳይሙን፣ አስቀመጠች። ከዚህ በታች ፍልስፍናዎችና ሰፋፊ ሞዴሎች፣ ቀጥሎ ንድፈ ሐሳቦች፣ በመጨረሻም በታካሚው ላይ የሚለኩ ጠቋሚዎች ይመጣሉ። ከላይ ያለው ሁሉን ያቅፋል፣ ግን ምንም አይለካም፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ስፋቱ እየጠበበ መፈተኑ ይቀላል። ሶሲዮሎጂስቱ ሮበርት መርተን ለራሱ ዘርፍ ያቀረበውን የመካከለኛ እርከን ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም እንደ ታላላቆቹ ሞዴሎች ሁሉን ለማቀፍ የማይሞክርና በምርምር ሊፈተን የሚችል ንድፈ ሐሳብ፣ ነርሶች የወሰዱትም ለዚህ ነው። ሜርል ሚሼል በ1988 በሕመም ጊዜ ስለሚፈጠር እርግጠኛ ያለመሆን ስሜት ያቀረበችው ንድፈ ሐሳብ የዚህ እርከን ጥሩ ምሳሌ ነው።

የእርከኖቹን ትስስር ለማየት የአልጋ ቁስልን መውሰድ ይበቃል። ባርባራ ብሬደንና ናንሲ በርግስትሮም ቁስሉ የሚመጣው ከግፊቱ ብርታትና ርዝመት እንዲሁም ከቆዳው የመቋቋም አቅም እንደሆነ በሐሳብ ደረጃ ካስቀመጡ በኋላ፣ ይህንኑ በ1987 ወደ መለኪያ ለወጡት። ነርሷ የታካሚውን ሕመም የመሰማት ችሎታ፣ የቆዳውን እርጥበት፣ ከአልጋ መነሣቱን፣ በአልጋው ላይ መገላበጡን፣ አመጋገቡንና የቆዳውን መፈተግ አይታ ከ6 እስከ 23 ነጥብ ትሰጣለች። ነጥቡ ባነሰ መጠን አደጋው ይበልጣል፤ 18 እና ከዚያ በታች ከሆነ ታካሚው በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጥ በዕቅድ ይያዛል።

ዕውቀቱ ግን በመለኪያ ብቻ አያልቅም። ባርባራ ካርፐር በ1978 የነርስ ዕውቀት ሳይንሳዊ፣ ጥበባዊ፣ ግላዊና ሥነ ምግባራዊ ተብሎ በአራት መንገድ እንደሚገኝ አሳየች። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» እያሉ አንሶላውን ጨምድደው የያዙ እናት ዘንድ የምትቀርብ ተረኛ ነርስ የልብ ምታቸውንና ማስታገሻው የተሰጠበትን ሰዓት በቻርቱ ታያለች፤ ከቃላቸው ይልቅ እጃቸውን ታነባለች፤ እሷ ራሷ ሕመምን ስለመቻል ያላትን አመለካከት ትመረምራለች፤ አልፈልግም ሲሉም ፈቃዳቸውን እስከምን ድረስ እንደምታከብር ትወስናለች። ጂል ኋይት በ1995 በእነዚህ ላይ የማኅበራዊና ፖለቲካዊ ሁኔታን ዕውቀት ጨመረች። ፓትሪሺያ ቤነር ደግሞ በ1984 ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃ እንደሚያልፍ ስትገልጽ፣ ከተግባር የሚወለድ ዕውቀት መጽሐፍ ላይ ካለው ያላነሰ ክብር እንዲሰጠው አድርጋለች።

ትችቱም ቀላል አይደለም። ታላላቆቹ ሞዴሎች በክፍል ውስጥ ተጠንተው በዋርድ ይረሳሉ፤ ጫና የበዛባት ነርስም ከምትሞላው ቅጽ ጀርባ የትኛው ንድፈ ሐሳብ እንዳለ አታስብም። በማስረጃ ላይ የተመሠረተ አሠራር ከተስፋፋ ወዲህ ክብደቱ ወደ ሳይንሳዊው ዕውቀት አጋድሏል የሚሉም አሉ። በግብፅ እስክንድርያ ተወልዳ በአሜሪካ ያስተማረችው አፋፍ ሜሌይስ ከኡን ኦክ ኢም ጋር በ1999 ያቀረበችው አማራጭ፣ ንድፈ ሐሳብ ለተወሰነ ሕዝብና ለተወሰነ ሁኔታ እንዲሠራ የሚጠይቅ ነው፤ ሁለቱ ለዚህ ያቀረቡት ምሳሌም ወደ አሜሪካ የተሰደዱ የኮሪያ ሴቶች የወር አበባ የሚቋረጥበትን ዕድሜ እንዴት እንደሚያልፉት የሚያስረዳ ነበር።