ኬቶሲስ እና ኬቶአሲዶሲስ አንድ አይደሉም

የኬቶ አመጋገብ የጀመሩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ነገር አለ፦ «ሽንቴ ውስጥ ኬቶን ተገኘ፤ አደጋ ላይ ነኝ እንዴ?» ብዙውን ጊዜ መልሱ አይደለም ነው። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው።

ኬቶ ሲባል ካርቦሃይድሬትን አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ50 ግራም በታች ማውረድ ነው። አንድ ትልቅ እንጀራ ብቻውን ይህን ሊሞላው ይችላል። ካርቦሃይድሬት ሲያንስ ጉበት ስብን ወደ ኬቶን ይቀይራል፤ አንጎልና ጡንቻም በእሱ ይሠራሉ። ይህ ኬቶሲስ ነው። በደም ውስጥ ያለው ኬቶን ብዙ ጊዜ በሊትር ከ0.5 እስከ 3 ሚሊሞል ይሆናል። ከዚያ ብዙ እንዳያልፍ ልጓም የሚሆነው ኢንሱሊን ነው።

ኬቶአሲዶሲስ የሚመጣው ይህ ልጓም ሲበጠስ ነው። ኢንሱሊን በጣም ሲያንስ ኬቶን ያለ ገደብ ይመረታል፤ ደም አሲዳማ ይሆናል። በተለይ የሚያሰጋው የዓይነት 1 ስኳር ሕመም ያለባቸውን ነው። ማስታወክ፣ የሆድ ሕመም፣ ፈጣንና ጥልቅ አተነፋፈስ፣ ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚል ትንፋሽ ከታየ ሳይውል ሳያድር ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ያሉ የስኳር መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ኬቶ ሲጀምር፣ የደም ስኳሩ ብዙም ሳይጨምር ኬቶአሲዶሲስ ሊይዘው ይችላል። የስኳር መለኪያው ደህና ቁጥር ስላሳየ ብቻ መረጋጋት አይቻልም። እባካችሁ፣ እነዚህን የምትወስዱ ከሆነ አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ኢንሱሊን የምትወጉም መጠኑን በራሳችሁ አትቀንሱ።