ስለ ግሪክ ጉዞ በተሳሳተ መንገድ የሚነገሩ ነገሮችና እውነታው

ግሪክን ለማየት ያሰበ ሰው ስልኩ ላይ የሚያገኘው ፎቶ አንድ ዓይነት ነው፤ ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ከታች ባሕር። ፎቶው ውሸት የለበትም። ግን የአገሪቱ ትንሽ ቁራጭ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ ገንዘቡንም የዓመት ፈቃዱንም በዚያች ቁራጭ ላይ አስልቶ ይነሳና ከደረሰ በኋላ ይቸገራል። ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

"ደሴቶቹ ሁሉ እንደ ሳንቶሪኒ ናቸው"

አይደሉም። ነጭና ሰማያዊው በዋናነት የሳይክላዲስ ደሴቶች መልክ ነው፤ ሳንቶሪኒ፣ ሚኮኖስ፣ ፓሮስና ናክሶስ እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኮርፉ ደሴት ብትሄዱ የሚጠብቃችሁ የጣሊያኗ ቬኒስ ሰዎች አራት መቶ ዓመት ያህል የገዙት ከተማ ነው፤ ረጃጅም ቢጫና ሮዝ ሕንፃዎች፣ ጠባብ መተላለፊያዎች፣ ዙሪያውን የወይራ ዛፍ። ሮድስ ደግሞ የቅዱስ ዮሐንስ ፈረሰኞች የሚባሉት የካቶሊክ ወታደር መነኮሳት ከ1309 እስከ 1522 የያዟት ናት። በድንጋይ ግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማቸው ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ቀርጤስማ ለብቻዋ አገር ናት ማለት ይቻላል፦ ርዝመቷ 260 ኪሎ ሜትር፣ ተራሮቿ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ የሰማርያ ሸለቆን ብቻ በእግር ለመጨረስ 16 ኪሎ ሜትር ይወስዳል።

ሳንቶሪኒን "ለመዋኘት" ብሎ የሚመርጥ ሰውም ቢያስብበት ይሻላል። ፎቶዎቹ የሚነሱት የእሳተ ገሞራው ገደል አፋፍ ላይ ካሉት ከኢያ እና ከፊራ መንደሮች ነው፣ የታወቁት መዋኛዎች ግን በደሴቷ ሌላኛው ወገን ናቸው። አሸዋቸው ጥቁር ነው፤ በጁላይ ቀትር ላይ ባዶ እግር አያስረግጥም።

"በአንድ ሳምንት አምስት ደሴት አያለሁ"

ይሄ ነው ብዙ ሰው የሚያደክመው። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ብቻ 227 ያህል ናቸው፣ እነሱም በቡድን በቡድን ተበታትነዋል። ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ወደ ቀርጤስ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትጓዙት፤ ወደ ሮድስ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ኮርፉና ሳንቶሪኒ በአንድ አገር ውስጥ ቢሆኑም የተለያየ ባሕር ላይ ናቸው፣ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ በአቴንስ በኩል መዞር ግድ ነው። በዚያ ላይ በጁላይና በኦገስት ከሰሜን የሚነፍሰው መልቴሚ የሚባል ነፋስ ሲበረታ መርከቦች ከወደብ አይወጡም። ለዚህ ነው ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ተቀራራቢ ደሴቶችን ምረጡ፣ ወደ አገራችሁ የምትበሩበት ዋዜማ ላይም አቴንስ ሁኑ የምለው። ጊዜ ለሌለው ኤጊና ከፒሬየስ በመርከብ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብትሆን ነው።

"ግሪክ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ነው"

ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት ነው፤ የእነሱ በጋ፣ ማለትም ጁላይና ኦገስት አካባቢ ያለው ጊዜ፣ ሞቃትና ደረቅ ነው። ጃንዋሪ ላይ ስስ ልብስ ይዞ የሄደ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ በ2022 ጃንዋሪ አቴንስ ከተማ ራሷ በረዶ ለብሳ መንገዶች ተዘግተው ነበር። ኦሊምፐስ ተራራ 2,917 ሜትር ነው፣ ከአቴንስ ብዙም ሳይርቅ ፓርናሶስ ላይ ሰው በረዶ ላይ ይንሸራተታል።

በተቃራኒው ሙቀቱም የሚናቅ አይደለም። አቴንስ አጠገብ ኤሌውሲስ ላይ በ1977 የተለካው 48 ዲግሪ ለአሥርት ዓመታት የአውሮፓ ከፍተኛው ሆኖ ቆይቷል። በ2023ና በ2024 ሙቀቱ ሲብስ አክሮፖሊስን ቀትር ላይ ዘግተውታል። እናትና አባታችሁን ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ጁላይንና ኦገስትን ተዉት። ሜይ፣ ጁን፣ ሴፕቴምበርና የኦክቶበር መጀመሪያ ናቸው ደጋጎቹ ወራት። ሜይ ላይ ባሕሩ ገና ቀዝቀዝ ይላል፣ ሴፕቴምበር ላይ ግን ሞቅ እንዳለ ነው። ከኖቬምበር በኋላ ደግሞ ትንንሾቹ ደሴቶች ላይ አብዛኛው ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኦገስት 15 ለግሪኮች የእመቤታችን ፍልሰት በዓል ነው፤ ከዚያ በፊት እነሱም ሁለት ሳምንት ይጾማሉ። ቲኖስ ደሴት ላይ ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱን በጉልበታቸው እየዳሁ የሚወጡ ምእመናን ታያላችሁ። ለማየት እጅግ ደስ ይላል፣ ግን ግሪኩ ሁሉ ወደ ደሴቶቹ የሚገባበት ሳምንት ስለሆነ ማረፊያና ትኬት ከወራት በፊት ካልያዛችሁ አታገኙም።

"ታሪክ ማለት አክሮፖሊስ ነው፣ እሱን ግማሽ ቀን አይቶ ወደ ባሕር"

እኔ በዚህ በጣም አዝናለሁ፣ በተለይ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ ያደገ ሰው ሲለው። ከአክሮፖሊስ ሥር ያለው ድንጋያማ ኮረብታ ጳውሎስ ለአቴና ሰዎች የተናገረበት አርዮስፋጎስ ነው። መግቢያ አያስከፍልም፤ ድንጋዩ ያዳልጣልና ጥሩ ጫማ አድርጉ። ቆሮንቶስ ከአቴንስ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ናት። ሰሜን ላይ ካቫላ አጠገብ የፊልጵስዩስ ፍርስራሽ አለ፣ ልድያ ተጠመቀችበት የሚባለው ወንዝም እዚያው ነው። ተሰሎንቄ የቢዛንታይን አብያተ ክርስቲያናት የሞሉባት ሕያው ከተማ ናት፤ በ2024 የተከፈተው ሜትሮዋ ሲቆፈር የተገኘው ጥንታዊ መንገድ ዛሬ ቬኒዜሎስ ጣቢያ ውስጥ ይታያል።

ፍጥሞስ? ዮሐንስ ራእይን ያየባት ደሴት ፍጥሞ ዛሬም አለች። ዋሻውም አለ፣ ከላዩ በ1088 የተመሠረተው ገዳምም አለ። አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ በመርከብ ብቻ ነው የምትደረሰው፣ ያም ጸጥታዋን የጠበቀላት ይመስለኛል። አቴንስ ከሆናችሁ ደግሞ የእብነ በረዱን ስታዲየም ሳታዩ አትመለሱ፤ አበበ ቢቂላ በ1961 ያሸነፈበት የአቴንስ ማራቶን ዛሬም የሚያልቀው እዚያ ነው።

"ግሪን ካርድ አለኝ፣ ቪዛ አያስፈልገኝም"

ያስፈልጋል። ግሪክ ሸንገን በሚባለው፣ በአንድ ቪዛ በሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ቡድን ውስጥ ናት፣ የሚታየውም ፓስፖርታችሁ ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የአሜሪካ ግሪን ካርድ፣ የእንግሊዝ መኖሪያ ፈቃድ ወይም የባሕረ ሰላጤው ኢቃማ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ማውጣት አለበት። የጀርመን፣ የጣሊያን ወይም የሌላ ሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን ለአጭር ጉብኝት በሱ ይገባል። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያለው ግን እስከ 90 ቀን ቪዛ አያስፈልገውም።

አደጋው ያለው እዚህ ጋ ነው፦ ከሮድስ ወይም ከኮስ ደሴት ቱርክ ቅርብ ናት፣ "ለአንድ ቀን ደርሼ ልምጣ" ያሰኛል። ቪዛችሁ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ከሆነ ግን ከወጣችሁ መመለስ የለም። ቆጵሮስም የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም ሸንገን ውስጥ አይደለችም።

"ሥጋና ዓሣ ብቻ ነው፣ ጾመኛ ይራባል"

በፍጹም። "ኒስቲሲማ" ብላችሁ ጠይቁ፣ የጾም ምግብ ማለታችሁ ነው። በቲማቲም የበሰለ ትልልቅ ባቄላ፣ የሳንቶሪኒ ክክ፣ ሩዝ የተጠቀለለበት የወይን ቅጠል፣ የተቀቀለ ጎመን በሎሚ አለ። ብቻ እነሱ በጾም ሽሪምፕና ኦክቶፐስ ይበላሉ፤ እናንተ የማትበሉ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

"ባሕር ዳርቻው ሁሉ ይከፈልበታል"

የሚከፈለው ለወንበሩና ለጥላው ነው። ዳርቻው ራሱ በሕግ የሕዝብ ነው፣ ፎጣችሁን አንጥፋችሁ በነፃ ትቀመጣላችሁ። በ2023 ፓሮስ ላይ ነዋሪዎች ወንበር ዳርቻውን ሞላው ብለው ፎጣቸውን ይዘው ሰልፍ ከወጡ በኋላ በቀጣዩ ዓመት ሕጉ ጠብቋል። ቦታ የለም የሚላችሁ ካለ ከወንበሮቹ አልፋችሁ ትንሽ ሂዱ፤ ነፃው ክፍል ብዙ ጊዜ እዚያው ዳር ላይ ነው።