ያገለገለች ፈጣን ሃችባክ በባሕር ዳር፦ በግቢ ውስጥ ማደስና መንከባከብ

ሃችባክ የኋላ በሯ ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት፣ ዕቃ መጫኛዋም ከመቀመጫው ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ያለ አጭር የቤት መኪና ናት። ይህችው መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ ጠንከር ያለ ሞተር፣ ጠበቅ ያለ ሞላና የተሻለ ፍሬን ከተገጠመላት «ሆት ሃች» ትባላለች። ዓይነቱን በዓለም ያስተዋወቀችው እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበችው ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ናት፤ 1.6 ሊትር ሞተሯ 110 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ተመሳሳይ ሙከራ ከእርሷ በፊትም ነበር። ሆኖም ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስና አስቤዛ የምትጭን መኪና ጥሩ መንገድ ስታገኝ ሹፌሯን እንደምታስደስት ሰዉን ያሳመነችው ጎልፍ ናት።

ባሕር ዳር ውስጥ ነገሩ የሚጀምረው ከቪትዝ ነው። ቶዮታ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ወጣች፤ በአውሮፓ ያሪስ ተብላ የ2000 የዓመቱ መኪና ተባለች። በአገራችን ከተሞች በየሰፈሩ የምናያት ቪትዝ አብዛኛውን ጊዜ ትንሿ ሞተር ያላት ናት፤ ነገር ግን 1.5 ሊትር ሞተር ያላት አር ኤስ የምትባል እህት አለቻት፤ የአውሮፓዋ አቻ ደግሞ ያሪስ ቲ ስፖርት ናት። 1.6 ሊትሯ ሱዙኪ ስዊፍት ስፖርት፣ ቱርቦ (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያላት ቶዮታ ስታርሌትና የድሮዋ ጎልፍም በዚሁ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። ምርጫው ለእኔ ቢሆን አር ኤስን ወይም ቲ ስፖርትን አስቀድማለሁ፤ ምክንያቱም መለዋወጫ ነው። የአር ኤስ ሞተር በሌሎች የቶዮታ መኪኖችም ስለሚገኝ ካንዴላው (እሳት ሰጪው)፣ ፊልትሮው (ማጣሪያው)፣ ጉዋርኒሲዮኑ (በብረትና በብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ) እዚሁ ከተማ ይገኛል፤ የጠፋው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ በአውቶቡስ ይላካል። የስፖርቱ ዓይነት ብቻ የሆነው ሞላ፣ ፍሬንና መቀመጫ ግን ፍለጋ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መኪናዋ ስትገዛ እነዚህ መኖራቸው ከቀለሟ ማማር ይበልጣል።

አሮጌዋን ማደስ ዛሬ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ዕድሜው በገፋ ቁጥር ቀረጡ እንዲከብድ አድርጓል። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። በሌላ አነጋገር አገር ውስጥ ያለችው ቪትዝ አር ኤስ በእጃችን የምትቆየው እኛ ካቆየናት ነው።

ሲገዛ መጀመሪያ የሚገለጠው ኮፈኑ ሳይሆን ሊብሬው ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከብረቱ ጋር ካልተመሳሰለ ሌላው ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ቀጥሎ መሪው ይታያል። ቪትዝ የሚለው ስም ለጃፓን ገበያ የወጣ ስለሆነ መኪናዋ ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፤ ኢትዮጵያ ደግሞ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገዱ ቀኝ የምትነዳ አገር ናት። ስለዚህ መሪዋ በግራ ያለ ቪትዝ ወይ ያሪስ ሆና ስሟ ብቻ ተቀይሯል፣ ወይ መሪዋ ዞሯል። የዞረች ከሆነ ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት ገብቶ ማየት ነው፦ የመሪው ዘንግ የተበየደ ነው ወይስ ሙሉ? የፍሬን ቱቦው ታጥፎ አንገቱ አልቆሰለም? ሽቦው በፕላስተር ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል ወይስ በቦታው ታስሯል? ዘንጉ በብየዳ የተቀጠለ መኪና በምንም ዋጋ አይገዛም።

ሥራው የሚካሄደው በግቢ ነው፤ ሽምብጥም ይሁን አባይ ማዶ፣ የማንጎ ጥላ ካለ ከዚያ ሥር። ከተማው የቴክኒክ እጅ አያጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው ፖሊ ቴክኒክ ትውልድ ሙሉ ባለሙያ አውጥቷል። ቋንቋው ግን አሁንም ጣሊያናዊ ነው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ነው፤ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛው) ድስት፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን)፣ ጉዋርኒሲዮን ሁሉም ከዚያው የመጡ ናቸው። መለዋወጫ ቤት ገብቶ ዕቃውን በስሙ የሚጠራ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል፤ «ያቺ ክብ ነገር» ያለው ግን ሌላ ነገር ተሸክሞ ይመለሳል።

መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ከ8 እስከ 19 ያለ ቁልፍና ቡሶላ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ደህና ክሪክ። ስለ ክሪኩ አንድ ነገር በጥብቅ ልናገር። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም። በየግቢው የምናየው ልማድ ግን መኪናዋን አንስቶ ብሎኬት ማስገባት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው፤ በተለይ በጎኑ ሲተኛ ሳይሰነጠቅ፣ ሳያስጠነቅቅ በአንድ ጊዜ ይፈርሳል። የብረት መደገፊያ ከሌለ ወፍራም የግንድ ቁራጭ ይሻላል፤ ክረምት ላይ ደግሞ አፈሩ ስለሚሰምጥ ክሪኩም ግንዱም ከሥራቸው ሰፊ ሳንቃ ያስፈልጋቸዋል። የወለቀውን ጎማ ከሻንሲው ሥር ማስተኛት ሁለተኛ ዋስትና ነው፤ ምንም ወጪ የለውም።

የሥራው ቅደም ተከተል ላይ ብዙ ወጣቶች ይሳሳታሉ። ገንዘባቸውን መጀመሪያ በማርሚታና በሰፊ ጎማ ያጠፉታል። ትክክለኛው መንገድ መኪናዋ መቆም መቻሏን፣ ከዚያ አለመሞቋን፣ ከዚያ ቀጥ ብላ መሄዷን ማረጋገጥ ነው፤ ጉልበት የመጨረሻው ነገር ነው። ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ጉልበት ፍለጋ ገና ሳይጀመር ከፍታው የራሱን ወስዷል። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ወረቀቱ ላይ 110 የሚለው የፈረስ ጉልበት እዚህ ወደ 90 ይጠጋል። ይህንን ማርሚታ አይመልሰውም። የቱርቦ ሞተር ጉድለቱን በከፊል ያካክሳል፤ ነገር ግን ቱርቦው የበለጠ ይደክማል፤ ከረጅም ጉዞ በኋላም ከመጥፋቱ በፊት ትንሽ በዝግታ መዞር አለበት።

የፍሬን ሥራ በግቢ ውስጥ ሁለት ሰው ይጠይቃል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት በጠጣ ቁጥር የሚፈላበት ሙቀት ይወርዳል። አዲስ ዶት 3 ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ሲጠጣ ይህ ወለል ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 ከ230 ወደ 155። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ከደጀን በኋላ የአባይን በረሃ ሲወርድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ይጠብቀዋል፤ አሮጌ ዘይት የሞላባት መኪና እዚያ ፔዳሏ እንደ ስፖንጅ ሲለሰልስ ይሰማል። ስለዚህ የፍሬን ሸራው ተቀይሮ ዘይቱ ሳይቀየር ሥራው አልተሠራም። በየሁለት ዓመቱ መቀየር ደንብ ነው፤ ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ መውረድ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከዋናው የፍሬን ፓምፕ በጣም የራቀው ጎማ ይቀድማል። በማስተንፈሻው ብሎን ላይ የግሉኮስ ቱቦ ይሰካል፤ የቱቦው ጫፍ ትንሽ አዲስ ዘይት ያለበት የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ይነከራል። አንዱ መሪው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላው ከጎማው ሥር።

«ርገጥ!»

«ረገጥሁ፣ ጋሼ!»

«ያዝ! እንዳትለቅ!»

ብሎኑ ሩብ ዙር ይላላል። እንደ ጠላ አተላ የጠቆረ ዘይት በቱቦው ውስጥ ይሮጣል፤ መሐል መሐሉ የአየር አረፋ ይታያል። ብሎኑ ይጠብቃል፤ «ልቀቅ!» ይባላል። ብሎኑ ሳይጠብቅ ፔዳሉ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ ሥራው ሀ ብሎ ይጀምራል። ልጁ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ትዕዛዙን ደግሞ በድምፅ መመለስ ያለበት ለዚህ ነው። ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ዘይት እንደ ማር ጠርቶ አረፋው እስኪጠፋ ድረስ ይቀጥላል፤ በመሐሉ ከላይ ያለው ዕቃ እንዳይጎድል ይሞላል። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቶሎ በውኃ ካልታጠበ ቀለሙን ልጦ ያነሳል።

ሙቀት ሁለተኛው ጉዳይ ነው፤ ከፍታው እዚህም ጣልቃ ይገባል። ባሕር ዳር ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የብዙ ሞተር ፋን መሽከርከር የሚጀምረው ደግሞ ከ90 ዲግሪ በላይ ነው። በመካከላቸው ያለው ርቀት ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ መኪናዋን ከመፍላት የሚያድናት የራዲያተሩ ክዳን ነው። ደህና ክዳን ግፊቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውኃው እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ጎማው የደረቀ፣ ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ያስተነፍሳል። ቴስታታ ወርዶ፣ ጉዋርኒሲዮን ተቀይሮ፣ ብዙ ሺህ ብር ወጥቶ አሁንም የምትሞቅ መኪና አይቻለሁ፤ የራሴ ነበረች። ጥፋቱ ክዳኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማላውቃት መኪና ስገዛ በመጀመሪያው ቀን ክዳኑን እቀይራለሁ።

ቴርሞስታቱን «ለእኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶ መጣል የተለመደ ነው። ስህተት ነው። ሞተሩ ወደ ትክክለኛው ሙቀት ሳይደርስ ሲሠራ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ይቆሽሻል፣ ፒስተኑም ቶሎ ያልቃል። ራዲያተር ውስጥ የሚገባው ደግሞ የቧንቧ ውኃ ብቻ መሆን የለበትም፤ ዝገትና ነጭ ቅርፊት ያመጣል። ኩላንት ከተጣራ ውኃ ጋር እኩል ተቀላቅሎ ይሞላ። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳን መክፈት ፊትን ማቃጠል ነው።

የሞተሩ ቀሪ ሥራ አጭር ነው። የአር ኤስና የስዊፍት ስፖርት ሞተር የውስጥ ሰንሰለት ስላለው ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች የሚያዞር የጎማ ቀበቶ) የመቁረጥ ስጋት የለውም፤ ሰንሰለቱ ግን በዘይት የሚኖር ነው፤ በየ5000 ኪሎ ሜትሩ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር የዚያ ዋጋ ነው። የስታርሌት ቱርቦ ቺንጋ አላት፤ ሻጩ መቼ እንደተቀየረ ካላወቀ እንዳልተቀየረ ተቆጥሮ ይቀየራል። ካንዴላ ሲወጣ ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው፤ የጥቀርሻ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፣ ቅባት ከለበሰ ዘይት እየበላች ነው። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ውኃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል፤ እንዲህ ያለ ጊዜ ካለፈ የቤንዚን ፊልትሮውን መቀየር ብልህነት ነው።

ከዋናው አስፋልት ወርዶ የሰፈር ኮብልስቶን ላይ የሚውል መኪና ጎሚኒው (የእግሯ መገጣጠሚያ ላስቲክ)፣ ቴስቲናው (የመሪው መገጣጠሚያ) እና የጎማው ኩሽኔታ (ማሽከርከሪያው) ቶሎ ይላላሉ። ፈጣን ሃችባክ ደግሞ ሞላዋ ጠንካራ፣ ጎማዋ ስስ ስለሆነ ድንጋዩን በቀጥታ ወደ አካሏ ታስተላልፋለች። መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ አጭር ሞላ ባሕር ዳር ላይ አልመክርም፤ የጉብታ መንገድ ሆዷን ይጨርሰዋል። ይልቅ ጎሚኒው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተቀይሮ መሪው ከተስተካከለ በኋላ በማለዳ እስከ ወረታ ያለውን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የፎገራ ሜዳ ሄዶ መመለስ ነው። መሪው ሳይጎትት፣ የሙቀቱ መርፌ ሳይነቃነቅ፣ ፍሬኑ ሳይንቀጠቀጥ ከተመለሰች ትክክለኛዋ መኪና ተመልሳለች ማለት ነው።

የጣና ውኃ ጨው ስለሌለው ሐይቁ ብረት አይበላም፤ ብረት የሚበላው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ገብቶ ሲቀር ነው። የሃችባክ ደካማ ቦታ የኋላ በሯ ጎማ ነው። ሲደርቅ ውኃ ያሳልፋል፤ ውኃውም የስኮርት ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ክረምቱን ሙሉ ይቆያል። ሰኔ ሳይገባ ምንጣፉን ማንሳት፣ በሩን ዘግቶ ከላይ በጆግ ውኃ ማፍሰስና ውስጥ ገብቶ በባትሪ ማየት ቀላል ፈተና ነው። ባትላሜራ (የቆርቆሮ ሥራ) እና ቀለም ግን ለደረቁ ወራት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይቆይ፤ በእርጥብ አየር የተቀባ ቀለም ነጥቶ ይደበዝዛል። ዝገት ላይ በቀጥታ የተለሰነ ስቱኮ በዓመቱ ያብጣል፤ ላሜራው መጀመሪያ እስኪያበራ መጠረግ አለበት።

መኪና ሐይቁ ዳር ወስዶ ማጠብ የቆየ ልማድ ነው፤ ሊተው ይገባል። ከሞተር ሥር የሚታጠበው ቅባት የሚገባው ቆሮሶ ወደሚጠመድበት፣ ሰው ውኃ ወደሚቀዳበት ጣና ነው። በግቢ ውስጥ በሁለት ባልዲ ውኃ የታጠበች መኪና ከዚያ ያላነሰ ትጸዳለች። የተቃጠለው ዘይትም አዲሱ በተገዛበት ጀሪካን ተመልሶ ክዳኑ ይዘጋ፤ የትም አይደፋ። አጥር የሚሠራ ጎረቤት ካለ የቋሚ እንጨቱን እግር ለምስጥ ሊቀባው ይወስደዋል፤ እንጨቱ በደንብ እስኪጠጣው ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይቆይ፤ ከጉድጓድ ውኃና ከሐይቁ ዳር ራቅ ባለ ቦታ ይተከል።