ኢንግሊሽ ዴሞክራትስ ምንድን ነው? የራሷ ፓርላማ የሌላት እንግሊዝ

በአማርኛ «እንግሊዝ» ስንል አብዛኛውን ጊዜ መላውን አገር ማለታችን ነው። ዘመዳችን ስኮትላንድ ውስጥ ግላስጎው ቢገባም ዌልስ ውስጥ ካርዲፍ ቢገባም «እንግሊዝ ገባ» እንላለን። ስኮትላንዳዊ ፊት ይህን ብትሉ ግን ቅር ይለዋል፤ ልክም ነው። እንግሊዝ ከአራቱ አንዷ ናት። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ ሲጨመሩ ነው ዩናይትድ ኪንግደም የሚባለው አገር የሚሞላው። ይህን ልዩነት ካልያዝን ዛሬ የማወራላችሁ ፓርቲ ጭራሽ አይገባንም። ፓርቲው የቆመው «እንግሊዝ ራሷ የት አለች?» በሚል ጥያቄ ላይ ነውና።

ስሙ ኢንግሊሽ ዴሞክራትስ ይባላል፤ የእንግሊዝ ዴሞክራቶች ማለት ነው። የተመሠረተው በ2002 ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ከነሱ ጋር ያሉት ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሥራቹና ለረጅም ዓመታት ሊቀመንበሩ ሮቢን ቲልብሩክ ይባላሉ። ከለንደን በስተምሥራቅ ባለው በኤሴክስ የሚሠሩ ጠበቃ ናቸው። ጠበቃነታቸውን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ፓርቲው ብዙ ነገር ይጠይቃል። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት (አገሪቱ በ2020 እስክትወጣ ድረስ)፣ የስደተኛን ቁጥር መቀነስ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ሥራ የሚዘጋበት በዓል እንዲሆን። ዋናው ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ለእንግሊዝ የራሷ ፓርላማ ይሰጣት።

«እንዴ፣ ለንደን ውስጥ ያለው ትልቁ ፓርላማ የማን ነው?» ትሉ ይሆናል። እሱ የአራቱም ነው። ነገሩ እንዲህ ሆነ። በ1997 ስኮትላንድና ዌልስ በሕዝበ ውሳኔ የራሳቸውን ምክር ቤት መረጡ፤ በ1999 ሥራ ጀመሩ። ሰሜን አየርላንድም በ1998ቱ የሰላም ስምምነት የራሱን አገኘ። ከጠቅላላው ሕዝብ ስድስት እጅ አምስቱን የያዘችው እንግሊዝ ግን ምንም አልተሰጣትም። ክልሎች ሁሉ የራሳቸው ምክር ቤት ኖሯቸው ትልቁ ክልል ብቻ ሳይኖረው ቢቀር እንደማለት ነው።

ይህ እንደሚመጣ ቀድሞ ያየ ሰው ነበር። ታም ዳልዬል የሚባሉ የሌበር ፓርቲ የምክር ቤት አባል በ1977 ጥያቄውን በግልጽ አነሡት። የስኮትላንድ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ጉዳይ ወደ ስኮትላንድ ዋና ከተማ ወደ ኤድንብራ ከሄደ የእንግሊዝ ተወካይ ድምፅ አይሰጥበትም። የስኮትላንድ ተወካይ ግን ለንደን ተቀምጦ ስለ እንግሊዝ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ድምፅ ይሰጣል። ይህ እስከ መቼ ይቀጥላል? የሚገርመው ዳልዬል ራሳቸው ስኮትላንድ ውስጥ ዌስት ሎዚያን ከሚባል አካባቢ የተመረጡ መሆናቸው ነው። ጥያቄው እስከ ዛሬ «የዌስት ሎዚያን ጥያቄ» ይባላል።

ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ጥያቄም አይደለም። በጥር 2004 የቶኒ ብሌር መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ክፍያን የሚጨምር ሕግ ለምክር ቤቱ አቀረበ። ውጤቱ 316 ለ311 ሆነ። በአምስት ድምፅ ብቻ! ደጋፊዎቹ ውስጥ በርካታ የስኮትላንድ ተወካዮች ነበሩ። ክፍያው የሚጫነው እንግሊዝ ውስጥ በሚማሩት ላይ ነው። የስኮትላንድን ክፍያ የሚወስነው ኤድንብራ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር አባት ቢናደድ እኔ አልፈርድበትም።

የብሌር መንግሥት መልስ እንግሊዝን በአካባቢ ከፋፍሎ ለየአካባቢው ምክር ቤት መስጠት ነበር። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ተሞከረ። በኅዳር 2004 ሕዝቡ 78 በመቶ በሆነ ድምፅ «አንፈልግም» አለ። ኢንግሊሽ ዴሞክራትስም ይህን ዕቅድ ይቃወም ነበር። አገሪቱን መቆራረጥ ነው የሚል ክርክር ነበረው።

እንግዲህ ጥያቄው እውነተኛ ከሆነ ፓርቲው ለምን ትንሽ ሆኖ ቀረ? አንዱ ምክንያት የምርጫ ሥርዓቱ ነው። በየወረዳው አንደኛ የወጣ ብቻ ያልፋል። በመላ አገሪቱ የተበታተነ ድምፅ ዋጋ የለውም። በ2009 ለአውሮፓ ፓርላማ በተደረገው፣ መቀመጫ በድምፅ ድርሻ በሚከፋፈልበት ምርጫ እንኳ ፓርቲው ወደ 280 ሺህ የሚጠጋ ድምፅ አገኘ። አንድም መቀመጫ አላገኘም። በ2010 አገር አቀፍ ምርጫ 107 ዕጩዎች አቆመና ወደ 65 ሺህ ድምፅ ሰበሰበ። እያንዳንዱ ዕጩ 500 ፓውንድ ያስይዛል፤ ከመቶ አምስት ካላገኘ ገንዘቡ አይመለስም። ለትንሽ ፓርቲ ይህ ኪስ የሚያራግፍ ነገር ነው። በ2015 የዕጩዎቹ ቁጥር ወደ 32 ወረደ፤ ድምፁም ሰባት ሺህ አልሞላም። ከአውሮፓ ኅብረት መውጣት የሚፈልገውን መራጭ ደግሞ በናይጀል ፋራዥ ይመራ የነበረው ዩኪፕ የሚባል ፓርቲ ጠራርጎ ወስዶት ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ትልቅ ድል አግኝቷል። ዶንካስተር በሰሜን እንግሊዝ ዮርክሸር ውስጥ ያለች የድሮ የከሰል ማዕድን ከተማ ናት። ለብዙ ዘመን የሌበር ፓርቲ ጎጆ ነበረች። በ2009 የኢንግሊሽ ዴሞክራትስ ዕጩ ፒተር ዴቪስ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። በመጀመሪያው ቆጠራ ሁለተኛ ነበሩ። በከንቲባ ምርጫ መራጩ ሁለተኛ ምርጫውንም ይጽፍ ስለነበር፣ ያ ሲደመር በ354 ድምፅ አለፉ። የመጀመሪያ ሥራቸው የገዛ ደመወዛቸውን ከ73 ሺህ ፓውንድ ወደ 30 ሺህ መቁረጥ ነበር። ሰው ወደዳቸው። ሕዝቡ ለፓርቲው ፍልስፍና ነው የመረጣቸው ለማለት ግን ይከብደኛል። የከተማው ምክር ቤት በሙስናና በአስተዳደር ብልሽት ስሙ የጠፋ ነበር። ሰዉ የሰለቸውን ነው የቀጣው።

ታሪኩ የተበላሸውም እዚሁ ላይ ነው። የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ የሚባል ነጭ ዘረኛ ፓርቲ ነበር። ከ2010 በኋላ እርስ በርሱ ተባልቶ መፍረስ ሲጀምር፣ አባላቱ ማረፊያ ፈለጉ። ከነዚህ በርካቶቹ ወደ ኢንግሊሽ ዴሞክራትስ ገቡ፤ አንዳንዶቹ የታወቁ አደራጆች ነበሩ። ቲልብሩክም በሩን አልዘጉም። በየካቲት 2013 ዴቪስ ፓርቲውን ጥለው ወጡ። ምክንያታቸው የእነዚህ ሰዎች መጉረፍ ነበር። በዚያው ዓመት በግል ተወዳድረው በጠባብ ልዩነት በሌበሯ ሮስ ጆንስ ተሸነፉ። ፓርቲው የነበረውን ብቸኛ ከንቲባ በዚህ መንገድ አጣ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። «ለእንግሊዝ ፓርላማ» የሚለው ጥያቄ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ማን የት ድምፅ ይስጥ ነው። ማንም እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ ነጭም ይሁን ጥቁር፣ በርሚንግሃም የተወለደ ፓኪስታናዊም ይሁን ለንደን የሚኖር ሐበሻ፣ እኩል ሊጠይቀው ይችላል። ዘርን የሚቆጥሩ ሰዎች ሲገቡበት ግን ጥያቄው «ማን ነው እንግሊዛዊ?» ወደሚል ተለወጠ። ያኔ አብዛኛው ሰው ሸሸ። መሸሹም ትክክል ነው።

በ2016 የሆነው ይህን በደንብ ያሳያል። ባትሊ ኤንድ ስፔን የሚባለው የምርጫ ወረዳ የሌበር ተወካይ ጆ ኮክስ በነጭ ዘረኛ እጅ በጭካኔ ተገደሉ። ለእሳቸው ክብር ሲባል ሌሎቹ ትልልቅ ፓርቲዎች በማሟያ ምርጫው ላለመወዳደር ተስማሙ። ኢንግሊሽ ዴሞክራትስ ግን ተወዳደረ። ሁለተኛ ወጣ፤ ያገኘው ግን ከሺህ ያነሰ ድምፅ ነው። የሌበሯ ዕጩ ከ17 ሺህ በላይ አገኙ።

አሁን ወደ ጠበቃው እንመለስ። አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት የምትወጣበት ቀን መጀመሪያ የተቆረጠው ለማርች 29 ቀን 2019 ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ቴሬዛ ሜይ አስረዘሙት። ቲልብሩክ በፓርቲያቸው ስም ከሰሱ። ማራዘሙ ሕጋዊ አይደለም፣ ስለዚህ አገሪቱ በዚያ ቀን ወጥታለች የሚል ነበር ክርክራቸው። በበይነመረብ ብዙ ደጋፊ አገኙ። ፍርድ ቤቱ ግን ጉዳዩ እንዲታይ እንኳ አልፈቀደም።

ስለ እንግሊዛዊነት ካወራን ባንዲራውን መዝለል አይቻልም። ነጭ ላይ ቀይ መስቀል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። ለእኛ ጊዮርጊስ እንግዳ አይደለም፤ ላሊበላ ላይ ከአለት ተፈልፍሎለታል፣ አድዋም ላይ ስሙ ተጠርቷል። እነሱ የሚያከብሩት ኤፕሪል 23 ነው፣ እኛ ሚያዝያ 23። ቁጥሩ አንድ፣ ቀኑ ግን በስምንት ቀን ይለያያል። ይህ ባንዲራ ለረጅም ጊዜ የቀኝ አክራሪዎች ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። በ1996 የአውሮፓ ዋንጫ እንግሊዝ ሲዘጋጅ ተራው የኳስ ደጋፊ አደባባይ አወጣው። ስደተኛው ግን አሁንም «ብሪቲሽ» ማለት ይቀለዋል። ፓስፖርቱም የሚለው ያንን ነው፤ የእንግሊዝ ፓስፖርት የሚባል የለም።

በእርግጥ ለእንግሊዝ ፓርላማ መስጠትም ቀላል አይደለም። ከ650 የምክር ቤት መቀመጫ 543ቱ የእንግሊዝ ናቸው። እንዲህ ያለ ግዙፍ ክፍል የራሱ ፓርላማና የራሱ መሪ ካገኘ፣ የጋራው ጠቅላይ ሚኒስትር ምን ይቀረዋል? ትልልቆቹ ፓርቲዎች የሚፈሩት ይህን ነው። ፍርሃታቸው መሠረት አለው፤ ዝም ማለታቸው ግን መልስ አይሆንም።

አንዴ ሞክረው ነበር። በ2014 ስኮትላንድ ላለመገንጠል በመረጠች ማግስት ጠዋት ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን የእንግሊዝም ድምፅ መሰማት አለበት ብለው ተናገሩ። በጥቅምት 2015 የምክር ቤቱ ደንብ ተሻሻለ። እንግሊዝን ብቻ የሚመለከት ሕግ ሲመጣ የእንግሊዝ ተወካዮች ብቻቸውን ሊያስቆሙት ይችሉ ጀመር። አሠራሩ የተወሳሰበ ነበር። በሐምሌ 2021 የራሱ የካሜሮን ፓርቲ መንግሥት ደንቡን ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ የስኮትላንድ ተወካይ ስለ እንግሊዝ ሆስፒታል ድምፅ ይሰጣል፤ የእንግሊዝ ተወካይ ስለ ስኮትላንድ ሆስፒታል አይሰጥም። ዳልዬል በ1977 እንዳሉት።