ዶልፊን “ስም አለው” ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ዶልፊኖች በስም ይጠራራሉ ሲባል እናትየው ለግልገሏ ስም የምታወጣ ይመስለዋል፣ ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። ዶልፊኑ ገና በህፃንነቱ የራሱን ፉጨት ራሱ ይፈጥራል፣ እኛ በር አንኳኩተን “ማነው?” ስንባል “እኔ ነኝ” እንደምንለው በሉት፣ ልዩነቱ የሱ “እኔ ነኝ” ከማንም ጋር አይመሳሰልም (የኛማ ድምፃችን ካልታወቀ በሩም አይከፈት)። ውሃው ደፍርሶ መተያየት ሲያቅት እናትና ግልገል በዚሁ ነው የሚፈላለጉት።

“ስም” ያስባለው ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ጥናት ነው። የዱር ዶልፊኖችን ፉጨት ቀድተው፣ በኮምፒውተር አስመስለው ሰርተው ውሃ ውስጥ በስፒከር ሲለቁላቸው ዶልፊኑ የሌላውን ሲሰማ ብዙም ግድ አልሰጠውም፣ የራሱን ሲሰማ ግን ያንኑ ፉጨት መልሶ አፏጨ፣ “አቤት!” እንደማለት። በዛው አመት በወጣ ሌላ ጥናት ደሞ ቤይሊ የምትባል ዶልፊን ከ20 አመት በላይ ያላየቻትን የሌላዋን ዶልፊን የአሊን ፉጨት ለይታ አውቃለች፣ እኔ የድሮ ክላስሜቶቼን ስም እንኳን ረስቻለሁ።

ታዲያ ቋንቋ አላቸው ማለት ነው? ፉጨቱ ማን እንደሆነ ይናገራል እንጂ “ና አሳ እንብላ” የሚል አረፍተ ነገር እስካሁን ከውስጡ ያወጣ ሰው የለም።