የወይራ ግንድ ላይ የሚኖረው ፍሩላኒያ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጎንደር ክረምቱ ሲጠና በአሮጌ ወይራ ግንድ ላይ፣ ሞስ ከሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክልና ከዛፍ ሽበቱ መካከል፣ ቡናማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ ምንጣፍ የመሰለ ነገር ተለጥፎ ይታያል። ይህ ፍሩላኒያ ከሚባሉት ቅጠላማ ሊቨርወርቶች አንዱ ነው፤ ሊቨርወርት ደግሞ አበባም፣ ዘርም፣ እውነተኛ ሥርም የሌለው የሞስ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለ እርሱ የሚባለው ብዙው ነገር ስሕተት በመሆኑ ዛፎቻችን ያለ ጥፋታቸው ይፋቃሉ።

«ሻጋታ ነው» የሚሉ አሉ። ሻጋታ ፈንገስ ስለሆነ የሚኖረው ሌላውን እየበላ ነው፤ ፍሩላኒያ ግን ምግቡን በፀሐይ ብርሃን ራሱ ያዘጋጃል። በአጉሊ መነጽር ቀረብ ብሎ ያየው ሰው፣ ክር የመሰለ ቀጭን ግንድ በግራና በቀኝ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረቡ ክብ ቅጠሎች ይዞ ያገኛል። ሲገለበጥ ከሆዱ በኩል ሦስተኛ ረድፍ ትናንሽ ቅጠሎች ይታያሉ፤ በእያንዳንዱ የጎን ቅጠል ሥር ደግሞ የራስ ቁር የመሰለች፣ ውኃ የምትይዝ ከረጢት ታጥፋ ተቀምጣለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ «ዛፉን ይመጠዋል» የሚለው ነው። አንዲት አዛውንት ጎረቤታችን የወይራቸውን ግንድ በቢላ ሲፍቁ አግኝቻቸው ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ደሙን እየመጠጠ ሊያደርቀው እኮ ነው» አሉኝ። በአፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ዙሪያ የግዙፍ ዛፎች ሥር የድንጋይ ግንቡን ጨምድዶ ያየ የጎንደር ሰው፣ በግንድ ላይ የተጣበቀን ነገር ሁሉ ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን ፍሩላኒያ የሚጣበቅበት ራይዞይድ እያንዳንዱ የአንድ ሕዋስ ክር ሲሆን፣ ሥራው በሞተው የውጭ ልጥ ላይ ተክሉን መያዝ ብቻ ነው። ውኃውንና ማዕድኑን ከዝናብ፣ ከጤዛና ከአቧራ በቅጠሎቹ ይቀበላል እንጂ ከዛፉ አይወስድም። የሚጎዳው ይልቁንስ ቢላው ነው፤ ልጡ ሲቆስል ለተባይና ለበሽታ በር ይከፈታል።

«በበጋ ደርቆ ይሞታል» የሚለውም እውነት አይደለም። ፍሩላኒያ ውኃውን እንደ ሌሎች ዕፅዋት መቆጣጠር ስለማይችል አየሩ ሲደርቅ አብሮ ይደርቃል፣ ዕድገቱን ያቆማል፣ ይጠብቃል። በጥር ወር ከግንዱ ራሱ ተቀርፎ የወደቀ ልጥ አንሥቼ ጥቂት ውኃ ባርከፈክፍበት፣ የተኮማተሩት ቅጠሎች የቡናው አቦል ተጠጥቶ ሳያልቅ ተዘርግተው አረንጓዴነታቸው ወጣ።

«ዘሩን ወፍ ያመጣዋል» ለሚሉት ደግሞ ዘር የሚባል የለውም። የወንዴው ሕዋስ ወደ እንቁላሉ የሚደርሰው በቀጭን የውኃ ንጣፍ ውስጥ ዋኝቶ ነው፤ ዝናብ ወይም ጤዛ ከሌለ ግንኙነቱ አይሆንም። ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው ስፖር (እንደ ዱቄት የደቀቀ የመራቢያ ብናኝ) ያዥ ለጊዜው ተሸሽጎ ይበስልና፣ እግሩ፣ ማለትም የተሸከመው ቀጭን ዘንግ፣ በፍጥነት ተመዝዞ ሲያወጣው ለአራት ተሰንጥቆ ስፖሮቹን ለነፋስ ይሰጣል፤ እግሩም ብዙ ሳይቆይ ይጠወልጋል። የፍሩላኒያ ስፖር ገና ከመበተኑ በፊት በሽፋኑ ውስጥ መከፋፈል ስለሚጀምር፣ ግንድ ላይ ሲያርፍ ጉዞውን ግማሽ የጀመረ ነው። ከዚህም ሌላ የተሰበረ የግንድ ቁራጭ፣ በአንዳንድ ዝርያዎችም የረገፈ ቅጠል፣ አዲስ ተክል ይሆናል። ስለዚህ የፋቂው ቢላ የበተነው ብናኝ ራሱ ሊበቅል ይችላል፤ ይህንን ለጎረቤታችን ስነግራቸው ቢላውን አስቀመጡ።

«የጉበት መድኃኒት ነው» የሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። ሊቨርወርት በሚለው የእንግሊዝኛ ስም ውስጥ «ሊቨር» ጉበት ማለት ነው፤ ይህ ስም የተሰጠው የአንዳንድ ዘመዶቹ ጠፍጣፋ አካል ጉበት ስለሚመስል በጥንት ዘመን አውሮፓውያን መድኃኒትነቱን ከመልኩ ስለገመቱ ነው። ፍሩላኒያ ጉበትን እንኳ አይመስልም፤ በውስጡ ያሉ ላክቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ ያስከትላሉ። ይህን የለበሰ ግንድ ለማገዶ የሚፈልጥ ሰው እጁ ቢያሳክከው፣ ጓንት አድርጎ ቢሠራና ከሥራ በኋላ ቢታጠብ ይሻለዋል።