ኮንክላቭ ምንድን ነው? በሩስ ለምን ይቆለፋል?

በኛ አቆጣጠር የ2017 ፋሲካ የኛም የፈረንጆቹም አንድ ቀን ነበር የዋለው፣ ሚያዝያ 12። በማግስቱ ሰኞ ረፋድ ላይ የካቶሊክ ቤተክርስቲያን መሪ የርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እረፍት ተሰማና ከዛ በኋላ ቲክቶኩም ፌስቡኩም ኮንክላቭ ኮንክላቭ ብቻ ሆነ። ስራ ቦታ አብሮኝ ሚሰራ፣ ካቶሊክ መሆኔን ሚያውቅ ልጅ ምሳ ሰዓት ላይ «ማን ማን ነው ሚወዳደረው? የናንተ አቡንም አሉበት አሉ» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ፣ እኔ ግን ምሳው እስኪያልቅ መልሼ መጨረስ አልቻልኩም፣ ስለዚህ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ቃሉ ከላቲን ነው የመጣው፣ ኩም ክላቬ፣ «ከቁልፍ ጋር» እንደማለት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ (ባጭሩ ጳጳሱ) ሲያርፉ ወይም ሲለቁ እድሜያቸው 80 ያልሞላ ካርዲናሎች፣ ማለትም ከጳጳሱ ቀጥሎ ያሉ የቤተክርስቲያኒቱ ከፍተኛ አባቶች፣ ቫቲካን ውስጥ ሲስቲን ጸሎት ቤት ይገቡና በር ተዘግቶ ቀጣዩን ይመርጣሉ፣ ኮንክላቭ ሚባለው ይሄ ነው። ግን የቁልፉን ታሪክ ያላወቀ ሰው ነገሩ በደንብ ሚገባው አይመስለኝም።

በፈረንጆቹ 1268 ጳጳስ ክሌመንት 4ኛ ሲያርፉ ካርዲናሎቹ ከሮም ሰሜን ባለችው ቪቴርቦ ከተማ ተሰበሰቡና መስማማት አቃታቸው፣ አንድ አመት አለፈ፣ ሁለተኛው መጣ፣ ህዝቡ ትግስቱ አለቀና የተሰበሰቡበትን ቤት ዘጋባቸው፣ ምግባቸውን ወደ ዳቦና ውሃ አወረደው፣ በመጨረሻም ጣራውን አነሳባቸው። እንደዛም ሆኖ ሦስት አመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀረው ነው ጎርጎርዮስ 10ኛ የተመረጡት። እሳቸው ደግሞ የደረሰውን ስላዩ በ1274 ሊዮን ላይ በተደረገው ጉባኤ ህግ አወጡ፦ ካርዲናሎች ተቆልፎባቸው ይምረጡ፣ ሦስት ቀን ካለፈ በአንድ ማዕድ አንድ አይነት ወጥ ብቻ ይቅረብላቸው፣ ሌላ አምስት ቀን ከተጨመረ ዳቦ፣ ውሃና ወይን ብቻ።

እንግዲህ ቁልፉ መጀመሪያ የመጣው ካርዲናሎቹ እንዳይወጡ ነው። ዛሬ ግን ስራው ተገልብጧል፣ ሚቆለፈው አለም እንዳይገባ ነው። ይሄ ለውጥ ዝም ብሎ አልመጣም፣ ነገስታት እጃቸውን ሲያስገቡ ኖረዋል። በ1903 ካርዲናል ራምፖላ ድምፅ እያገኙ ሳለ የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት «እሳቸውን አልቀበልም» ሚል መልእክት በአንድ ካርዲናል በኩል እዛው ጉባኤው ውስጥ አስነበበ፣ ያኔ የተመረጡት ፒዮስ 10ኛ ደግሞ በአመቱ ይሄን የነገስታት መብት ሚባል ነገር ለዘላለሙ ሰረዙት። ዛሬ ንጉሥ የለም ግን ስልክ አለ፣ ሚዲያ አለ፣ ማን ይመረጣል ብሎ ብር ሚያስይዝ ቁማርተኛ አለ። ስለዚህ ሞባይል ውጪ ይቀራል፣ ኔትወርክ ይዘጋል፣ ሁሉም ሚስጥር ሊጠብቅ ይምላል።

ውስጥ ሚሆነው ደግሞ በጣም ቀላል ነገር ነው። ለያንዳንዱ ካርዲናል ላይዋ ላይ «ጳጳስ እንዲሆን እመርጣለሁ» ሚል በላቲን የተጻፈባት ትንሽ ወረቀት ይሰጠዋል፣ ከስር ስም ይጽፍና አጥፎ ከፍ አድርጎ ይዞ ወደ መንበረ ታቦቱ ይሄዳል። ከፊቱ የማይክል አንጄሎ የመጨረሻው ፍርድ ስዕል ግድግዳውን ሞልቶታል፣ እዛ ቆሞ ነው «ሚፈርድብኝ ክርስቶስ ምስክሬ ነው፣ በእግዚአብሔር ፊት መመረጥ አለበት ብዬ ለማምነው ነው ድምፄን ምሰጠው» ብሎ ሚምለው። ሲቆጠር ሦስተኛው ቆጣሪ ስሙን ጮክ ብሎ ያነብና «ኤሊጎ» ሚለው ቃል ላይ፣ «እመርጣለሁ» ማለት ነው፣ ወረቀቱን በመርፌ ይወጋዋል፣ ሁሉም በአንድ ክር ይሰካሉ ልክ እንደ መቁጠሪያ፣ ክሩ ይታሰርና ወደ ምድጃ ይገባል። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ገና ነው፣ ነጭ ከሆነ ተመርጧል፣ ቀለሙ እንዳያሳስት ዛሬ ኬሚካል ይጨመርበታል።

«ማን ይወዳደራል» ለሚለው እንግዲህ መልሱ ማንም አይወዳደርም ነው። ዕጩ ሚባል ዝርዝር የለም፣ ቅስቀሳ የለም፣ «እኔን ምረጡኝ» ሚል የለም፣ ድምፅ ለመሰጣጣት መዋዋልም በውግዘት የተከለከለ ነው። ካርዲናሎቹ ሰዎች ናቸውና ከመግባታቸው በፊት ይነጋገራሉ፣ ማን ለምን ይሆናል ብለው ያስባሉ፣ ይሄን መካድ አያስፈልግም። በፈረንጆቹ 2024 የወጣው በዚሁ ስም ሚጠራው ፊልም ግን፣ ከጳጳሱ እረፍት በኋላ ብዙ ሰው ፈልጎ ያየው ማለት ነው፣ ታሪኩን ሚያስኬደው ማን ማንን ጣለ ሚለው ነው። ቀረጻው በጣም ያምራል፣ እኔም ወድጄዋለሁ፣ ግን በዛ ብቻ ኮንክላቭን ያወቀ ሰው ያንን በስዕሉ ፊት ቆሞ ሚማለውን መሀላ ቀለል አድርጎ እንዳያየው እሰጋለሁ።

ሚያዝያ 29 በኛ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ሲል ጥቁር ጭስ ወጣ። በማግስቱ ሐሙስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ብዙም ሳያልፍ እናቴ ጋ ቁጭ ብለን ላይቭ እያየን ነጩ ወጣ፣ እናቴ ተነስታ እልል አለች፣ ማን እንደሆነ ገና አልተነገረም እኮ። ቺካጎ ተወልደው ፔሩ ውስጥ ያገለገሉት ሊዮ 14ኛ ነበሩ። ለመመረጥ ከሦስት ሁለት እጅ ድምፅ ያስፈልጋል፣ መራጮቹ 133 ስለነበሩ ቢያንስ 89 ድምፅ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

«የናንተ አቡን» ያለው ደግሞ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስን ነው፣ አዎ ነበሩበት። ከሳቸው በፊት ካርዲናል የሆኑት ኢትዮጵያዊ ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ በፈረንጆቹ ከ1985 ጀምሮ እስካረፉበት 2003 ድረስ ኮንክላቭ ስላልተደረገ፣ እዛ ገብቶ ድምፅ የሰጠ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ብፁዕ ካርዲናል ብርሃነየሱስ ናቸው። ልጁ ቀጥሎ «እና ማንን መረጡ?» አለኝ። አይናገሩም፣ ምለዋል። የሳቸውም ወረቀት ከሌሎቹ ጋር በክሩ ተሰክቶ ተቃጥሏል፣ እናቴ እልል ያለችለት ጭስ ውስጥ አለ።